ጠርሙሱ ሳይሰበር የፈሰሰው ዘይት፦ ፈሳሽን በፖስታ ስለመላክ

የጠያቂዋ ጥያቄ፦ «ቤቴ ውስጥ የማዘጋጀውን የፀጉር ዘይት፣ ፈሳሽ ሳሙናና በአልኮል የተበጠበጠ ሽቶ በፖስታ ለደንበኞች መላክ ጀምሬያለሁ። አየር እንዳይቀርባቸው ጠርሙሶቹን እስከ አፋቸው እሞላለሁ፤ ክዳናቸውን በስኮች አስራለሁ፤ በባብል ራፕ (አየር የያዙ ጉብታዎች ባሉት ፕላስቲክ) ጠቅልዬ ካርቶኑ ላይ ‹ተሰባሪ› እና ‹ይህ ወደ ላይ› ብዬ እጽፋለሁ። እንዲያም ሆኖ ‹ጠርሙሱ ሳይሰበር ዘይቱ ፈሶ፣ ካርቶኑ ርሶ ደረሰን› የሚሉኝ ሰዎች በዙ። እያንዳንዱ ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ በአውሮፕላን ቢሄድም ችግር የለበትም ብዬ ነበር። ጠንከር ያለ ካርቶን ልግዛ? ወይስ ከፕላስቲክ ወደ ብርጭቆ ጠርሙስ ልቀይር?»

ሁለቱም አይፈታልዎትም። መልሱ ያለው ደንበኞችዎ በተናገሩት ቃል ውስጥ ነው፦ ጠርሙሱ አልተሰበረም። ጠርሙሱ ካልተሰበረ ካርቶኑም ባብል ራፑም የድርሻቸውን ተወጥተዋል፤ ዘይቱ የወጣው በክዳኑ በኩል ነው። በማሸግ ሥራ ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው። ላኪው ገንዘቡንና ልፋቱን ሁሉ ጠርሙሱ እንዳይሰበር ያውለዋል፤ ፈሳሹ ግን ደህና ከሆነ ጠርሙስ አፍ ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ ስለ ክዳኑ፣ ከዚያ ከክዳኑ ያመለጠውን ስለሚይዘው ነገር እጽፋለሁ። ሽቶው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ፤ እስከዚያው ግን መላክዎን ያቁሙ።

አስቀድሜ የ100 ሚሊ ሊትሩን ነገር ላጥራ። ይህ ልክ መንገደኛ በእጁ ይዞ ወደ አውሮፕላን ለሚገባው ፈሳሽ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ አገር በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን ለማፈንዳት የተጠነሰሰ ሴራ ከተደረሰበት በኋላ የመጣ የጸጥታ ደንብ ነው፤ በፖስታ የሚላክን ዕቃ አይመለከትም። ለፖስታና ለጭነት ዋናው ጥያቄ የጠርሙሱ መጠን ሳይሆን የፈሳሹ ምንነት ነው፦ ይቀጣጠላል? ብረት ወይም ቆዳ ይበላል? ይመርዛል? አንድ ሊትር የፀጉር ዘይት በነጻነት በሚያልፍበት መስመር 30 ሚሊ ሊትር ሽቶ ሊከለከል ይችላል።

አሁን ወደ ክዳኑ። ጠርሙሱን እስከ አፉ መሙላትዎ ትልቅ ስህተት ነው። ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሚሰፋበት ቦታ ሲያጣ ደግሞ እንደ አየር ተጨምቆ አይቀመጥም፣ ክዳኑን ይገፋል። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ የጭነት መኪና ውስጥ ሙቀቱ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። በ20 ዲግሪ የተሞላ ፈሳሽ እዚያ ሲደርስ ውሃ ከሆነ ከ1 በመቶ ትንሽ በለጥ ይሰፋል፤ የአትክልት ዘይት ወደ 2.5 በመቶ፣ አልኮል ደግሞ ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። በ100 ሚሊ ሊትር ዘይት ላይ ይህ ሁለት ሚሊ ሊትር ተኩል ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የአድራሻ ወረቀቱን አጥፍቶ ካርቶኑን ለማበስበስ ይበቃል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ራሱም በሙቀት ትንሽ ስለሚለጠጥ ከዚህ የተወሰነውን ይችላል። ብርጭቆ ግን ይህ ነው የሚባል መስፋት አይሰፋም። እንግዲህ እስከ አፉ እየሞሉ ወደ ብርጭቆ ቢቀይሩ ነገሩ ይብስብዎታል።

የአየር ጭነት ደንቦች አደገኛ ለሚሏቸው ፈሳሾች መያዣው በ55 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ጢም ብሎ መሙላት እንደሌለበት ያዝዛሉ። የእርስዎ ዘይት አደገኛ ባይሆንም ልኩን ይውሰዱት። ከጠርሙሱ አቅም ከ5 እስከ 10 በመቶ ባዶ ይተዉ። ብርድ ባለበት መንገድ የሚሄድ ውሃነት ያለው ነገር ከሆነ ወደ 10ሩ ይጠጉ፤ ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ 9 በመቶ ያህል ይሰፋልና ሙሉ የሆነውን ብርጭቆ ይሰነጥቀዋል። አየሩ ዘይቱን ያሻግተዋል ብለው ከሰጉ መፍትሔው ትንሽ ጠርሙስ፣ ብርሃን የማያስገባ ቀለምና ቶሎ መላክ ነው፤ ባዶውን ቦታ ማጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ግን፣ ግፊቱ ተጠብቆም ቢሆን፣ ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ሊወርድ ይችላል፤ ይህ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንደመቆም ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው አየር ያኔ በአንድ ሦስተኛ ያህል መስፋት ይፈልጋል። ጠርሙሱ ቆሞ ከሆነ አየሩ ከላይ ስለሚሆን ቢያመልጥ የሚያመልጠው አየር ብቻ ነው። ተጋድሞ ወይም ተዘቅዝቆ ከሆነ ግን አየሩ ፈሳሹን ከኋላ ሆኖ ወደ ክዳኑ ይገፋዋል። ለስላሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ካለዎት ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት ጎኑን በጣትዎ ትንሽ ጨመቅ አድርገው እንደተጨመቀ ይዝጉት፤ አየሩ ሲሰፋ ጠርሙሱ ወደ ቅርጹ ይመለሳል እንጂ ክዳኑን አያስጨንቀውም። በጠንካራ ጠርሙስ ይህ አይቻልም። አደገኛ ፈሳሽን በአየር ለማጓጓዝ መያዣው የ95 ኪሎ ፓስካል የግፊት ልዩነት ሳያንጠባጥብ እንዲችል የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ ተራ የገበያ ጠርሙስ ለዚህ ተፈትኖ አይሸጥም።

ሦስተኛው መንቀጥቀጥ ነው፤ በእርስዎ ጉዳይ ዋናው ተጠርጣሪ እሱ ይመስለኛል። ጥርስ ያለው ክዳን ማንም ሳይነካው ይላላል። የፕላስቲክ ክዳን ከጠበቀ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ትንሽ ይላላል፣ የያዘውን ኃይል ይለቃል፤ የመኪና መርገፍገፍ ቀሪውን ይጨርሳል። ዘይት ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። ሲሞሉ የጠርሙሱ አንገት ላይ የቀረች ጠብታ ጥርሱን ታለሰልሰዋለች፤ ክዳኑ የጠበቀ መስሎ ተንሸራትቶ ይመለሳል። ስኮቹም በዘይት የወዛ ፕላስቲክ ላይ አይጣበቅም። ስለዚህ አንገቱን ከውጭ በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ይዝጉ፤ ቢያንስ ለግማሽ ቀን ያቆዩትና እንደገና ያጥብቁት። በሁለተኛው ማጥበቅ ክዳኑ እንደገና ሲዞርልዎ ራስዎ ያዩታል።

ስኮችን በተመለከተ አንድ ነገር ይታረም። በክዳንና በአንገት መጋጠሚያ ላይ የሚዞር ስኮች ክዳኑ እንዳይዞር ይይዛል እንጂ ፈሳሽ አይዘጋም። ጥቅም እንዲኖረው ለጠጥ የሚል ዓይነት ይምረጡ፣ ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚጠቀለልበትን፤ ሲያዞሩትም ክዳኑ በሚጠብቅበት አቅጣጫ እየሳቡ ያዙሩት። በተቃራኒው ካዞሩት እያላሉት ነው። ፈሳሹን በእውነት የሚዘጋው ከክዳኑ ሥር የሚሆነው ነው፦ ውስጡ ለስላሳ ንጣፍ ያለው ክዳን፣ አፉ ውስጥ የሚወተፍ የፕላስቲክ መሰኪያ፣ ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ በማሽን ሙቀት የጠርሙሱ አፍ ላይ የሚጣበቀው የአሉሚኒየም ሽፋን። ይህን የሚያጣብቁ በእጅ የሚያዙ ትንንሽ ማሽኖች አሉ። ለጠንካራ ካርቶን ያሰቡትን ገንዘብ እዚህ ላይ ያውሉት። ሽፋኑ የሚጣበቀው ግን ከጠርሙሱ ፕላስቲክ ዓይነት ጋር ከተስማማ ብቻ ስለሆነ ሲገዙ የጠርሙሱን ዓይነት ተናግረው ይግዙ። ፓምፕ ወይም ጠብታ ማንጠባጠቢያ ያላቸውን ክዳኖች ገጥመው አይላኩ። ጠርሙሱን በደፋን ክዳን ዘግተው ፓምፑን ለብቻው በካርቶኑ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ደንበኛው ሲደርሰው ይገጥመዋል።

ይህን ሁሉ አድርገውም አንዳንድ ጠርሙስ ይፈሳል። ክዳን ሁሉ አንድ ቀን እንደሚያመልጠው ቆጥሮ ማሸግ ነው የዚህ ሙያ መሠረቱ፤ ለአደገኛ ፈሳሽም ሆነ ለሕክምና ናሙና የሚታዘዘው ባለ ሦስት ደረጃ አስተሻሸግ ከዚሁ የመጣ ነው። ጠርሙሱ አንድ፣ ፈሳሽ የማያሳልፍ ሁለተኛ መያዣ ከነመምጠጫው ሁለት፣ የውጭው ካርቶን ሦስት። እርስዎ አንደኛውና ሦስተኛው ብቻ ነው ያለዎት። ባብል ራፕ ከመጋጨት ይከላከላል፤ ጠብታ ግን አይጠጣም፣ የፈሰሰውንም ወደ ካርቶኑ አሳልፎ ይሰጣል።

ለሁለተኛው መያዣ ወፍራም ዚፕ ያለው የፕላስቲክ ከረጢት ይበቃል፤ በሙቀት የሚታሸግ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው። ስስ ፌስታል አይሆንም፣ ቢቋጠርም ያንጠባጥባል። ለእያንዳንዱ ጠርሙስ የራሱ ከረጢት ይኑረው፤ አንዱ ሲፈስ ሌሎቹን እንዳያበላሽ። ከመዝጋትዎ በፊት አየሩን ጨምቀው ያውጡ፣ አለበለዚያ ከፍታ ላይ ከረጢቱ ይነፋና ዚፑ ይከፈታል።

መምጠጫው ሁልጊዜ የሚናቅ ነገር ነው፤ በደንብ ልቆይበት። መጠኑ ግልጽ ነው፦ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን በሙሉ መጠጣት መቻል አለበት። መገመት አያስፈልግም፤ 100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽዎን ሳህን ላይ አፍስሰው ምን ያህል ጨርቅ ወይም የወጥ ቤት ወረቀት እንደሚያነሳው ያያሉ። ዓይነቱ ግን ከፈሳሹ ጋር መሄድ አለበት። የሕፃን ዳይፐር ውስጥ ያለው ዱቄት ውሃን ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ ጠጥቶ ወደ ዝልግልግ ነገር ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ለፈሳሽ ሳሙናዎ ጥሩ ነው። ሳሙናው ውስጥ ያለው ጨው ዱቄቱን ስለሚያዳክመው ግን በውሃ ከለኩት በላይ ይጨምሩ። ለዘይት ይኸው ዱቄት ዋጋ የለውም፤ ዘይት አያብጠውም። ለፀጉር ዘይቱ ጥጥ፣ የወጥ ቤት ወረቀት ወይም ለዘይት ተብሎ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራ ምንጣፍ ይጠቀሙ። ከስታርች የተሠሩ የካርቶን መሙያዎችም ውሃ ሲነካቸው ይሟሟሉ፤ በፈሳሽ ዙሪያ አያስቀምጧቸው።

መምጠጫ ከፈሳሽ ጋር አለመስማማቱ ከብክነት ያለፈ መዘዝ አለው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1973 ፓን አም የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ቦይንግ 707 የጭነት አውሮፕላን ጭስ ሞልቶበት ቦስተን ላይ ሊያርፍ ሲሞክር ተከሰከሰ፤ ሦስቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። በጭነቱ ውስጥ ኒትሪክ አሲድ በጠርሙስ ነበረ፤ ጠርሙሶቹ የታሸጉት በሰጋቱራ ነበር። መርማሪዎቹ የጭሱን ምንጭ ፍጹም በሆነ ማስረጃ ማረጋገጥ ባይችሉም፣ ያንጠባጠበው አሲድ ከሰጋቱራው ጋር ተዋህዶ ነገሩን እንደጀመረው ያምናሉ። ሰጋቱራ ፈሳሽ ይጠጣል፤ ኒትሪክ አሲድን የመሰለ ኃይለኛ ነገር ሲነካው ግን ይነዳል። እርስዎ አሲድ አይልኩም፤ ታሪኩን ያነሣሁት ካርቶንዎ የሚጫንበት ቦታ የሌሎች ሰዎች ሕይወትም የተሳፈረበት እንደሆነ አንባቢ ሁሉ እንዲያስበው ነው።

ስለ ካርቶኑ ብዙ የምለው የለኝም። አዲስና ያልራሰ ይሁን፤ ጠርሙሶቹ እርስ በርስም ከግድግዳውም አይነካኩ፤ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሙሌት ይኑር፤ ዘግተው ሲነቀንቁት ምንም አይንቀሳቀስ። «ይህ ወደ ላይ» የሚለውን መጻፍዎን አይተዉ፤ ግን አይመኩበት። ማጓጓዣ ቀበቶና መለያ ማሽን ጽሑፍ አያነቡም፤ ካርቶኑ ቢያንስ የጉዞውን ግማሽ ተጋድሞ ወይም ተዘቅዝቆ እንደሚሄድ ቆጥረው ያሽጉ።

ብርጭቆ ወይስ ፕላስቲክ ለሚለው፦ ለፀጉር ዘይቱና ለሳሙናው ፕላስቲኩ ይቆይ። ቀላል ነው፣ ሲወድቅ ይታጠፋል እንጂ አይፈነዳም። ብርጭቆ የሚያስፈልገው ፕላስቲክን ለሚያለሰልሱ ፈሳሾች ነው፤ ከእነዚህ ዋነኞቹ ከዕፅዋት የሚጨመቁ ጠንካራ የመዓዛ ዘይቶች ናቸው። በብርቱካን ልጣጭ ዘይት ውስጥ ያለው ሊሞኒን ነጩን የፖሊስታይሪን አረፋ እስከማሟሟት ይደርሳል። የፀጉር ዘይትዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ዘይት በብዛት ካለበት ሞልተው ለጥቂት ሳምንታት አቆይተው ጠርሙሱና የክዳኑ ንጣፍ መላላታቸውን ይዩ።

ሽቶው ላይ ደርሰናል። በአልኮል የተበጠበጠ ሽቶ በዓለም አቀፍ ደንብ ከአደገኛ ዕቃዎች ሦስተኛው ምድብ፣ ማለትም ተቀጣጣይ ፈሳሽ ነው። ወደዚህ ምድብ የሚያስገባው እንፋሎቱ በብልጭታ ሊያያዝ የሚችልበት የሙቀት ልክ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለመብለጡ ነው። የንጹሕ ኤታኖል (ሽቶ የሚበጠበጥበት አልኮል) ልክ 13 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በተራ ክፍል ሙቀት እንፋሎቱ ክብሪት ይጠብቃል ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት መለያ ቁጥርም አለው፦ 1266። በዓለም የፖስታ ኅብረት ደንብ አደገኛ ዕቃዎች በፖስታ እንዳይላኩ በአጠቃላይ የተከለከሉ ናቸው፤ የተፈቀዱት ልዩ ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፣ ሽቶም ከእነሱ አይደለም። አንዳንድ አገሮች በአገር ውስጥ፣ በየብስ ብቻ፣ በትንሽ መጠንና በታዘዘው ምልክት ይፈቅዳሉ፤ አንዳንድ የግል አመላላሾችም በውል ይቀበላሉ። ይህን አስቀድሞ በጽሑፍ ጠይቆ ማረጋገጥ የላኪው ግዴታ ነው። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ሳይጠይቅ ስለተቀበለዎት ተፈቀደ ማለት አይደለም። የተከለከለ ዕቃ በሠራተኛ ወይም በሌላ ሰው ዕቃ ላይ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂው ላኪው ነው። «ኮስሜቲክስ» ብሎ ጽፎ ማሳለፍን የሚመክርዎ ሰው ካለ አይስሙት።

ሽቶውን በዘይት ላይ ማዘጋጀት መውጫ ሊሆን ይችላል፤ ግን ዘይት ሁሉ አይቀጣጠልም ብለው አይደምድሙ። ሊሞኒን ራሱ በ48 ዲግሪ ገደማ ስለሚያያዝ ያው ተቀጣጣይ ይባላል። ለእያንዳንዱ የሚገዙት ግብዓት ሻጩን የደህንነት መረጃ ሰነድ ይጠይቁ። ሰነዱ 16 ክፍሎች አሉት፤ 9ኛው ክፍል የመቀጣጠያውን ልክ፣ 14ኛው የማጓጓዣ ምድቡን ይነግርዎታል። ድብልቁ የራሱ ልክ ስለሚኖረው ግን ላቦራቶሪ ሳያስለኩ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። የእጅ ማጽጃ አልኮል፣ የጥፍር ቀለምና ማስለቀቂያው፣ በረኪና፣ ከ8 በመቶ በላይ የሆነ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድም ዝርዝርዎ ላይ ሊገቡ ቢያስቡ እንደዚሁ አስቀድመው መጣራት አለባቸው።

የፀጉር ዘይቱና ሳሙናው ቀላል የሆነ ፈተና ይለፉ። አንድ ጠርሙስ እንደሚልኩት አድርገው ይሙሉና ይዝጉ፤ ነጭ ወረቀት ላይ ዘቅዝቀው ሞቅ ባለ ቦታ ለ24 ሰዓት ያቆዩት። ወረቀቱ ላይ ነጥብ ከታየ ክዳኑ አይሆንም፤ በስኮች ሊያድኑት አይሞክሩ፣ ይቀይሩት። ካለፈ ሙሉውን ካርቶን ያሽጉና ከ1.2 ሜትር ከፍታ ጠንካራ ወለል ላይ በገጹ፣ በጠርዙና በማዕዘኑ ይጣሉት። ፈተናውን በውሃ ሳይሆን በራሱ በፈሳሹ ያድርጉት፤ ውሃ የማያልፍበትን ቀዳዳ ዘይት ቀስ ብሎ ያልፈዋል።

ይህ ሁሉ የማይሸፍነው አለ። ጉምሩክ እሽጉን ከከፈተው ከረጢቱን እንደነበረ መልሶ ላይዘጋው ይችላል፤ በዝርዝሩ ላይ «የፀጉር ዘይት፣ የማይቀጣጠል፣ 2 ጠርሙስ በ100 ሚሊ ሊትር» ብሎ በግልጽ መጻፍ የመክፈቱን ዕድል ይቀንሳል፤ «የማይቀጣጠል» የሚለውን ግን ከላይ እንዳልኩት ካረጋገጡ ብቻ ይጻፉ። ብዙ አመላላሾች የፈሳሽ መፍሰስን ከካሳ ያወጡታል፤ መድን ከመግዛትዎ በፊት ያንን አንቀጽ ያንብቡ።

እንግዲህ የማሳስብዎ ይህ ነው። ካርቶኑንም ጠርሙሱንም አይቀይሩ። ባዶ ቦታ ይተዉ፣ አንገቱን ይጥረጉ፣ በሙቀት የሚጣበቀውን ሽፋን ይጀምሩ፣ ሁለት ጊዜ ያጥብቁ፣ እያንዳንዱን ጠርሙስ ከመምጠጫ ጋር በከረጢት ያሽጉ። ሽቶው በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድና የታወቀ መስመር እስኪያገኝ ድረስ አይላክ። በተጨማሪም ከመላክዎ በፊት በክዳኑና በአንገቱ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በማይለቅ እስክሪብቶ ያስምሩ። ደንበኛ ፈሰሰ ሲል ከማጽዳቱ በፊት ፎቶ እንዲያነሳ ይጠይቁት። መስመሩ ከተዛነፈ ክዳኑ በመንቀጥቀጥ ላልቷል፤ መስመሩ ሳይዛነፍ ጥርሱ ላይ ዘይት ካለ ሙቀት ወይም ግፊት ገፍቶታል፣ አሞላልዎን ይፈትሹ፤ ጠርሙሱ ከታች ከተሰነጠቀ ያኔ ስለ ካርቶኑ እንነጋገራለን።